ግማሽ ጸጉር

ከስታዲየም ጀርባ፣ በጓንጉል ጸጉር ቤት፣
ቅዳሜ ከሰዓት ይዋላል ችሎት።
ሦስት ወንበር አለ፣ አንዱ እግሩ የላላ፣
ተላጪ ጥቂት ነው፣ ተሟጋች ሞልቷል ከነጥላ፤
ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲቆላ፣
ማን ወጥቶ ይሄዳል ነገሩ ሳይብላላ?

ጥያቄዋ አንድ ናት፣ ስንት ክረምት ያለፋት፣
እንደ አሮጌ ሳንቲም እጅ ያለሰለሳት፤
"ከሮጠው፣ ከዘለለው፣ ከታገለው ሁሉ፣
ማነው ትልቁ ሰው? አንድ ብቻ በሉ!"

አየናቸው የባንኩ፣ ክራባቱን ፈቶ፣
ከሽርጡ ሥር ጣቱን አንድ በአንድ አውጥቶ፣
"ቁጥር አይዋሽም" አለ፣ "ወርቅ መቼም ወርቅ ነው፤
ሁለት ካለው ይልቅ አራት ያለው ነው።"

"ወርቅማ ፒያሳም በግራም ይሸጣል!"
አለ ደርብ ባለታክሲው፣ "ሰው በምን ይመዘናል?
የኔ ሰው ወድቆ ነው፣ ተረግጦ የተነሣ፣
የመጨረሻው ደወል ሲሰማ ልቡ የሚያገሣ።"

"ዓለም ሩጫ ብቻ ናት?" ጠየቀ አንድ ጎረምሳ፣
"ኳሱስ? ቡጢውስ? ውኃ የሚሰነጥቀው እንደ ዓሣ?"
ተረባረቡበት። "ኳስ የማኅበር ነው፤
ሲያገቡ አጥቂው ነው፣ ሲገባ በረኛው ነው!"

የለገሃር ጡረተኛ፣ አቶ ወልደሰንበት፣
ባቡር እንደሚያስቆም ከዘራ ዘርግተው መሐል ቤት፣
"እኔ ግን አይቻለሁ" አሉ፣ "ያን ሰው ሲሮጥ።"
"የት ጋሼ?"
"በሬዲዮ።"
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም።
"ሳቁ። በጆሮው ያየ ሰው
ምስሉ አይደበዝዝበትም።"

ይሄኔ መብራት ሄደ።
ማሽኑ ዝም አለ ከአየናቸው ጆሮ በላይ፣
ግራው ታጭዶ አልቆ፣ ቀኙ ገና ዱር ሲታይ።
ክርክሩ ግን መች ጠፋ፤ ጭራሽ ሁሉም ደፈረ፣
ድምፅ ከድምፅ ተናከሰ፣ ይሉኝታ የሚባል ቀረ።

"እስኪ አንተ ፍረድ፣ ጓንጉል!" አሉት በመጨረሻ፤
"ይሄን ሁሉ ዘመን ሰማህ፣ አበጅለት መድረሻ!"

ማሽኑን አስቀመጠ። በዳበሳ መቀሱን ፈለገ።
"እኔ አሯሯጭ ነበርኩ" አለ።

"ከፊት ነበርኩ፤ ነፋሱን በደረቴ እየከፈልኩ፣
አንዱን ዙር በስልሳ ሁለት፣
አንዱን ዙር በስልሳ ሁለት።
አሥራ ሁለተኛው ላይ ወደ ሣሩ መውጣት ነው ውሌ።
አንድ ማታ እግሬ እምቢ አለኝ፤
ግማሽ ዙር ጨመርኩ። ከዚያ ወጣሁ።
ሪከርዱ ሲሰበር፣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ሲነሣ፣
እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር እፈታ ነበር።
ትልቁ ማነው ትሉኛላችሁ፤
ፊቱን አላውቀውም።
የማውቀው ትንፋሹን ነው፣ ማጅራቴ ላይ የወደቀውን፣
ሁለቴ ስቦ አንዴ የሚለቀውን።
አሁን በዚህ ጨለማ ቢገባ
ሳይናገር እለየዋለሁ።

ያኔ ሰው የኔን ማጅራት ያይ ነበር፤
ይኸው ዛሬ እኔ የሰው።"

ዝም ተባለ። ጎረምሳው የስልኩን መብራት
ከፍ አድርጎ ያዘለት፤
መቀሱ ወደ ቀኙ ዱር ገባ፣
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣
አንዴም ሳይፈጥን፣ አንዴም ሳይዘገይ።
አቶ ወልደሰንበት ዓይናቸውን ጨፍነው
ያያሉ።

ውጭ፣ ከኩሬው ማዶ፣ ወያላው ይጮኻል፤
"ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!"
ማንም አልተነሣም።
ብዙ ቆይቶ፣
ከአየናቸው ሽርጥ ሥር አንድ ጣት ብቅ አለ፤
"ግን እንግዲህ... ቁጥሩን ካየን..."