ቧንቧው ሲያፏጭ

የሰፈራችን ስም ቧንቧ ውሃ፤
ዐሥራ አንደኛ ቀኑ፣ ጀሪካኑ ደረቅ፣ ጉሮሯችን በረሃ።
መምህር ሙሉሰው የማታውን ክፍል ገብቶ፣
ጠመኔውን ከካፖርቱ ኪስ አውጥቶ፣
(የታኅሣሥ ደሴ፣ ብርዷ አይጣል) ሁለቴ አሳለ፣
«ሁሉም ነገር ውሃ ነው» ብሎ ጻፈና ዞር አለ።

ሳቅን። ወላሂ፣ እስኪንገጫገጭ ወንበሩ።
ሉባባ ከኋላ፦ «ማነው ሰውየው? የት ነው አገሩ?
ይምጣና ይቅዳልን!» አለች፤
እሷ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ነው ትምህርት የመጣች።

«የሚሊጢን ሰው ነው» አለ መምህሩ፣ ሳይቆጣ፤
«የወደብ ልጅ። ጎረቤቱ ‹አምላክ ተቆጣ› ሲል ማዕበል ሲመጣ፣
‹እስኪ ውሃውን ራሱን እንጠይቀው› ያለ።
መልሱን ስቶ ይሆናል፤ ጥያቄው ግን አለ።»

እኔ ቀን ቀን ኮምቦልቻ፣ ፈትል ክፍል ውዬ፣
ማታ ሐረጎን የምወጣ፣ የጥጥ ብናኝ በጸጉሬ አዝዬ፣
ይኼን ለምን እንደምማር ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም።
«ሒሳብ ያዥነት አይሻልሽም?» ይላል ወንድሜ ይማም።
ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ከዚያው ከሚሊጢን ሌላ ሰው ሰሌዳ ላይ ወጣ፣
«የለም፣ አየር ነው» የሚል፤ ሲሳሳ እሳት፣ ሲረጋ ውሃ የሚያመጣ።
ያን ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ቧንቧችን አፏጨ።
ባልዲ ይዘን ሮጥን፣ ግቢው ተንጫጨ፤
ፊው አለ፣ አሳለ፣ ዝገት ተፋ፣
ነፋስ ብቻ አውጥቶ ጠፋ።
ሉባባ ባልዲዋን ደፍታ ተቀመጠችበት፤
«በቃ፣ ሁለተኛው ረታ፤ ያ የፊተኛው አሳዘነኝ» አለች፣ እያዛጋት።

ከዚያ መምህሩ ዛፍ ሳለ፣ ቅርንጫፉን በስም በስም፦
ዲበ አካል፣ ሥነ ዕውቀት፣ ሥነ አመክንዮ...
ምላሴ አልታዘዘኝም።
እኔ ዛፉን ያገኘሁት ሰኞ ገበያ ቦኖው ጋ፣
ሌሊቱን ተሰልፈን፣ ሳይነጋ።

«ዛሬ ይመጣል።» «በምን ዐወቅህ?»
«ሰማሁ።» «ከማን?» «ከሰው።» «ሰውየውስ?»
ዝም።
ደግሞ አንዱ በጀሪካኑ ፈንታ ድንጋይ አስቀምጦ ሄዷል።
ድንጋዩ እሱ ነው? ልጆች በእግራቸው ሲያንከባልሉት
ተንከባለለ ማለት ነው፣ እቤቱ ተኝቶ?
በዚህ ላይ ሁለት ሽማግሌ ሊደባደቡ ደረሱ።
አንዲት አራስ መጣች፣ ተራ የሌላት።
«ተራ ተራ ነው!» «ተራ ለሰው ነው፣ ወይስ ሰው ለተራ?»
ክርክሩ ሲሞቅ ሉባባ ምንም ሳትል
የራሷን ጀሪካን ጎትታ ወደ ኋላ ወሰደች፣
አራሷ በቦታዋ ገባች።

ሲነጋ ጦሳ ላይ የነበረው ጉም ወረደ፤
ፀሐይ በዚያ ሁሉ ቢጫ ጀሪካን ላይ ስትወድቅ
ተርታው እንደ አደይ ነደደ።
ለዚህም ቅርንጫፍ አለው፤ ስሙ ማን ነበር?
ደብተሬን አልያዝኩም ነበር።

የኤሊያው ሰው መንገድ አያልቅም ባይ ነው፦
ግማሹን ትሄዳለህ፣ ከቀረው ግማሹን፣ ደግሞ ከቀረው...
ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት፣ ጉሙ መስታወቱን ሲያለብስ፣
አመንኩት፣ እውነቴን ነው፣ ሦስት ኩርባ እስክናልፍ ድረስ።
ረዳቱ በሩን ደበደበ፦ «ሒሳብ ያልከፈለ!»
ክርክሩ እዚያው በዝርዝር ሳንቲም ተከፈለ።

በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ማታ
የኤፌሶኑን ሰው ልንጀምር ነበር፣ ወንዝ አይደገምም ያለውን።
መምህሩ «ሁሉም ነገር» ብሎ ጽፎ ገና እጁን ሳያነሳ፣
ከውጭ አንድ ልጅ «መጣ! መጣ!» ብሎ አገር አነሳ።
ወንበር ተገለበጠ። ሉባባ በበሩ፣ ሌላው በመስኮት፤
መምህር ሙሉሰው ግን ሁላችንን ቀደመን፤
ጀሪካኑ ለካ ከጠረጴዛው ሥር ነበር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብቆት።

መጀመሪያ ቡና የመሰለ፣ ከዚያ ደፍረስ ያለ፣ ከዚያ ጥርት።
ስንመለስ እጃችን እርጥብ፣ ደብተራችን እርጥብ፤
ሰሌዳው ላይ «ሁሉም ነገር» እንዳለ አለ፣
አራት ነጥብ የለው፣
የሚጨርሰው ሰው እጁን እያራገፈ ገና በር ላይ ነው።