ዘጠና ዲግሪ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ ሬሖቮት፣ ምድር ቤት፤
ሰው የለም፤ ያለው የማቀዝቀዣ ጩኸት።
ውጭ ብርቱካኑ አብቦ ሰፈሩን አውዶታል፤
እዚህ፣ ከሳህን ላይ፣ ክር የሚያህል ሥር ተኝቷል።
የተኛበትን ዝልግልግ «አጋር» ይሉታል በስሙ፤
በእኛ አፍ ረዳት ማለት ነው፤ ደስ አለኝ መግጠሙ።

ማታ ቁልቁል ሲወርድ እኔ ነኝ ያዞርኩት፣
ሳህኑን በጎኑ፣ ዘጠና ዲግሪ ያጋደምኩት።
ምድር ወዴት እንደሆነች ማን ሊነግረው ነው ብዬ
ሰዓቱን ጽፌ ቀረሁ፣ አረንጓዴውን መብራት ከልዬ።

ከጫፉ ቆብ ውስጥ ደቃቅ የስታርች ጠጠሮች አሉ፤
ዓለም ስትጋደም ወደ አዲሱ ታች ተንከባለሉ።
ኦክሲን፣ ከቅጠል የወረደው፣ ያንን አይቶ ጎረፈ፤
የታችኛውን ጎን አዘገየ፣ የላዩን ግን አሳለፈ።
አንዱ ሲዘገይ፣ አንዱ ሲረዝም፣ ሥሩ ጎበጠ፤
ማንም አልመራው፤ ከራሱ እኩሌታ ጋር ተበላለጠ።

ሳይቶካይኒን አለ ደግሞ፣ የኦክሲን ባላንጣ፤
«ሕዋስ መከፋፈሉ ይብቃ» ይላል፣ «ያለው አድጎ ለሥራ ይውጣ።»
ኦክሲን «ቆይ፣ ገና ነው» ይላል፤ አንዱ ያጠረውን አጥር
ሌላው ሌት ያፈርሰዋል፤ ሲነጋ ደግሞ ማጠር።
ሽማግሌ አልተላከ፣ ካሳ አልተቆረጠ፤
ድንበሩ ግን ከነጠቡ፣ ከጫፉ ከፍ ብሎ ተቀመጠ።
አንዱ ድል የነሣ ዕለት ሥር የሚባል አይኖርም፤
ይህን ስጽፍ ሳቄ መጣ፤ ሪፖርት ላይ አይገባም።
ኤቲሊንማ ነፋስ ነው፤ አፈር ሲጠጥር መውጫ ያጣል፣
እዚያው ተጠራቅሞ «አትግፋ፣ ወፍር» ይላል።

አባቴ መኳንንት፣ ከዚሁ ግቢ ጀርባ፣ ችግኝ ቤት ይሠራ ነበር፤
የወይራ ቁራጭ ነጭ ዱቄት እያስነካ ሲቀብር።
የቆርቆሮውን ጽሑፍ አያነብም፤ «መድኃኒቱ» ይለዋል፤
ስልሳ ቀን ይቆጥርና ሳብ አድርጎ ይሞክረዋል።
እንቢ ካለው «ይዟል» ይላል። ያ ዱቄት ኦክሲን ነበረ፤
ነገርኩት አምና፤ «ያለ ስሙም» አለኝ «ይሠራ ነበረ።»

ባለፈው ሳምንት እንግዶች መጡ፤ አንዷ እጄን ይዛ
«የሥርን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ» አለችኝ፣ በሐዘኔታ ፈዛ።
እኔ አፉላ ነው የተወለድኩት፤ አውቶቡስ ጣቢያው ፊት ለፊት።
ይህ ሥር ስለ እኔ አያውቅም፤ እባካችሁ፣ ለብቻው ተዉት።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው፤ ወፎች ጀመሩ።
ሥሩ ስልሳ ሁለት ዲግሪ ታጥፏል፤ ጻፍኩት ከነቁጥሩ።
ከጎኑ ያለው ሳህን የሰኞ ነው፣ ያለፈው ዙር፤
እዚያ፣ ከታጠፈበት ጀርባ፣ ከጉብጠቱ ዳር
አንዲት ነጭ ነጥብ ወጥታለች። የጎን ሥር ናት።
ትላንት አልነበረችም። መነጽሬን ጠርጌ አየኋት።