አዋራው አዋራን

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ቱርኩ በረዶ ለብሳ፣
የኖላዊ ደረት በፉጨት ሲነሣ፣
ጆሮዬን ጀርባው ላይ ለጥፌ እሰማለሁ፤
አንዱ ትንፋሽ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ እቆጥራለሁ።

ነርሷ አንገቷን ደፍታ እስክጨርስ ሰማችኝ፤
መድኃኒቱን ጻፈች፣ ከዚያም ጠየቀችኝ፦
«ቤታችሁ ምንጣፍ አለ? ሶፋውስ ጨርቅ ነው?
ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው የጸዳው?»

አፈርኩ። ምን ልበል?
ምንጣፉን ከቤቱ ጋር ነው የተረከብኩት፣
ቀይ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ገና ሳየው የወደድኩት፤
ሶፋው ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ በሠላሳ ዩሮ፣
አንድ እግሩ ተሰብሮ፣ በሽቦ ታስሮ።
ቅዳሜ ቅዳሜ በማሽን እጠርጋለሁ፣ ሽቅብ ቁልቁል፣
ላዩ ሲያምርልኝ ውስጡም የጠራ ይመስል።

ሂልካ ከእኛ በታች ናት።
ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ሊፍት ወጥተን፣
እሷ ጫማዋን አይታ፣ እኛ ቁጥሩን አይተን፣
«ሞይ» ከምትል ቃል በቀር የተጨመረ የለም፤
እዚህ አገር ዝምታ ነውር አይደለም።

ጥር ነበር። ብርዱ ከዜሮ በታች ዐሥራ ስምንት፤
በሬ ተንኳኳ፤ ከፈትኩ፤ ሂልካ ናት።
በእጇ የምንጣፍ መምቻ፣ ከሸምበቆ የተጎነጎነ፣
እጀታው እንደ ክንዷ ቀጥኖ የመነመነ።
«ልጁ ያስላል» አለች፣ «በኮርኒሱ ይሰማል፤
አውጪው ምንጣፍሽን፤ በረዶው ዛሬ ደርቋል።»

እንደ ሬሳ ተሸክመን ደረጃውን ወረድን፣
ኖላዊ በመስኮት እያየን ግቢው መኻል ዘረጋን፤
በፊቱ ደፋነው፣ ጀርባው ወደ ሰማይ።
«ምቺው» አለች። መታሁ። «ይኼ ምት ነው ወይ?»
ነጥቃኝ ድው! ስታደርገው ግቢው አስተጋባ፣
አንድ እርግብ ደንብሮ ጣሪያ ሥር ገባ፤
ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ እኔ ስደክም ትቀበላለች፣
እህል እንደሚወቃ ሰው ወገቧን ይዛ ትመታለች።

ከዚያ አነሣነው።
በነጩ ላይ የቀረው

አራት ማዕዘን ግራጫ፣ የምንጣፉ ጥላ፣
ሁለት ዓመት ያራገፍነው፣ ከእኛ በፊት የነበረም ሌላ፦
የብስኩት ፍርፋሪ፣ የማላውቀው ውሻ ጠጉር፣
የካልሲ ብናኝ፣ ከጫማ የወረደ አሸዋና አፈር፣
እኔ በቅዳሜ ማሽኔ ጠረግኩት ያልኩት፣
ልጄ በደረቱ ተኝቶ መኪና ሲነዳ የተነፈሰበት።
እንደ ደብዳቤ አነበብኩት፣ በረዶው ላይ ቆሜ፣
የሰው ጉድ ከእኔ ጋር ተጽፎ በስሜ።

ሶፋውንም አሳየችኝ፦ እርጥብ አንሶላ ማልበስ፣
በላዩ መምታት፣ ብናኙ ጨርቁ ላይ እንዲቀር፣ ሳንባ እንዳይደርስ፤
አንሶላውን አጥቦ ጨምቆ እንደገና መመለስ፤
መስኮት ከፍቶ አምስት ደቂቃ ቤቱን ማናፈስ።

በደጃችን የሚያልፈው አውራ የሚሉት ወንዝ
በረዶ አፉን ዘግቶት ከሥር ከሥር ሲጓዝ፣
የእኛ አፍ ተከፈተ። አዋራው አዋራን፤
ሊፍቱ ሁለት ዓመት ያቃተውን በአንድ ጠዋት ሠራን።

በሳምንቱ ተራው የእኔ ሆነ፤ በሯን አንኳኳሁ።
«የአንቺን ምንጣፍ እንውሰድ፣ እኔ እሸከማለሁ።»
ወረድን፤ መታን፤ የእሷም ግራጫ ወጣ፤
«ስድስት ዓመቱ» አለች፣ «ሌላውን ጫፍ የሚይዝ ከታጣ።»

ሳሎኗ ጥግ አንድ ወንበር አለ፣ ቀለሙ የከዳው፣
የአንድ ሰው ራስ ጀርባውን ያወዛው፤
እርጥቡን አንሶላ ይዤ ወደሱ ስራመድ
እጄን ያዝ አደረገች፤ ጣቷ እንደ ብረት ይበርድ።
«እሱን ተዪው። ኤርኪ እዚያ ውስጥ አለ።»
ምን እንደምል ሳላውቅ፣ ከአንሶላው ጫፍ ውሃ ጠብ አለ።

ኖላዊ መተንፈሻውን ዛሬም ከኪሱ አልለየም፤
እኔ ግን ስምንት ሰዓት ላይ ሁልጊዜ አልነቃም።
በረዶ በጣለ ማግስት ወለሌ ከሥር ሁለቴ ይመታል፤
«ደርቋል» ማለቷ ነው። እወርዳለሁ።
                      ኖላዊ በመስኮት ምታችንን ይቆጥራል።