ሰማንያ ሦስት ከመቶ

ዙግዲዲ ገበያ፣ ከአይብ ተራው ጀርባ፣
ሱቄ ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው አታስገባ።
ቫርላም ሽማግሌው፣ ዝናብ ያዘለውን
ኮቱን ሳያራግፍ ዘረጋልኝ ስልኩን፦
«ጉራንዳ፣ ተመልከችው፣ ይሄ ነገር ሞተ፤
‹ልታደስ?› ሲለኝ ‹እሺ› ብለው ተጎለተ።»

አየሁት።
ጥቁር መስክ ላይ አርማው ብቻ ፈክቶ፣
ከሥሩ ቀጭን መስመር፣
ሰማንያ ሦስት ከመቶ።
ፊትም ኋላም አይል፣ አድሮ እንዲሁ ውሎ፣
ድልድይ መሃል ገግማ እንደቆመች በቅሎ።

አባቴ እዚችው ሱቅ ሰዓት ይጠግን ነበር፤
በእሱ ጊዜ የቆመ ቆሟል፣ የሚሄድም ይሄዳል፤
የእኔ ዘመን ዕቃ ግን፣ ቆሞ እያየሁት፣
«እየሠራሁ ነው» ብሎ ዓይኔ ሥር ይዋሻል።

መድኃኒት አዋቂ መቼም ሰፈር አያጣ፦
የሚስቱ እኅት፣ «ሩዝ ውስጥ ቅበረው፣ ውሃው እንዲወጣ»፤
(ውሃ የት ነክቶት!)
የዳቦ ቤቱ ልጅ፣ «በጥፊ በለው»፤ ቄሱ ግን ሲቀልዱ፣
«ተወው፣ አንድ ሌሊት ትተኛለህ» አሉት፤ ሳቁና ሄዱ።

ከቻርጀሩ ቀዳዳ፣ በመርፌ ጫፍ ገፍቼ፣
የወተት ጥርስ የመሰለች ፍሬ ሩዝ አውጥቼ፣
ሰካሁት።
«አሁንስ?» አለኝ።
«አሁን እንጠብቃለን።
የዚህ ሙያ ግማሹ እጅን ማሰር ነው፤
ከቸኮልን እናጠፋዋለን።»

ስንጠብቅ አጥሩን አነሣ።
አጥሩን የማያውቅ የለም በዚህ አገር፤
የኦኒሲሜ አጥር፣ በወይን ሐረጉ ዳር።
«በዓመት አንድ ስንዝር ወደ እኔ ይራመዳል።»
«አጥር ይራመዳል?»
«ማታ ማታ ይራመዳል።»

አንድ ሰዓት አለፈ። ሰማንያ ሦስት።
ድምፅ መጨመሪያውን ነካሁ፣ ለቀቅሁ፤
መቀነሻውን ነካሁ፣ ለቀቅሁ፤
የጎኑን ቁልፍ ግን ተጭኜ ቆየሁ።
ቫርላም አማተበ። እኔ በሆዴ ቆጠርሁ።
አርማው ድርግም አለ፣ ጠፋ፣ ተመለሰ፣
ስልኩም የድሮ መልኩን መልሶ ለበሰ፤
አንድ መልእክት ብቻ፦ «ቦታው ጠቧል፤
አራት ጊጋባይት ይጎድላል።»

«አይዞህ» አልሁት፣ «ልቅሶ አያስፈልግም፤
ሞልቶ ነው እንጂ ሞቶ አይደለም።»

ፎቶዎቹን ከፈትሁ። አሥራ አንድ ሺህ አጥር!
አጥር በበረዶ፣ አጥር በጭቃ፣ አጥር በጨረቃ፣
አጥር ከነሜትሩ፣ አጥር ላይ ድመት ከእንቅልፏ ስትነቃ፣
የኦኒሲሜ ጀርባ፣ በካናቴራ፣ ቲማቲም ውሃ ሲያጠጣ።
«የትኛውን ላጥፋ?»
«አንዱንም! ማስረጃ ነው።»
«ፍርድ ቤት ሄደሃል?»
«ገና ነኝ።»
«ስንት ዓመት ሆነው?»
«ስድስት።»

ጣቴን ወደ ታች ሳብሁ፣ እስከ መጀመሪያው፤
አጥሩ ያው አጥር ነው፣ ምስማሩም ያው።
ኦኒሲሜ ብቻ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ፣
«ና እንጂ» ይላል በእጁ፣ ጠርሙስ በብብቱ ሰውሮ።
ሰላምታ መስሎት ኖሯል።

ቫርላም መነጽሩን አወለቀ፣
ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ።
«በረዶዎቹን አጥፊ» አለ፣ ቆይቶ።
«ጭቃውንም። ጨረቃዎቹንም... የዘንድሮን ግን ተዪ።
ያቺን ደግሞ» — ጣቱ መስተዋቱን ሊነካ ደርሶ ተመለሰ —
«ያቺን እንዳትነኪ።»

እንደገና ጀመርን። ሰባ። ሰማንያ። ሰማንያ ሁለት።
ሰማንያ ሦስት ላይ ሁለታችንም ትንፋሽ አጣን፤
ከአይብ ተራው አንዲት ሴት ዋጋ ስትጠራ ሰማን፤
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰማን።
ሰማንያ አራት።

አሥር ላሪ ቆጠረልኝ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣
«አዲሱ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ማታ ማታ፣ በጨለማ፣ ጥርት አድርጎ ያነሣል?»
«ያነሣል» አልሁት።
ምን ልበል?
የሩዟ ፍሬ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርታለች።