ሁለት ራስ ሽንኩርት ሲጎድል

ታይዋን ገበያ፣ ሂርሲ ላፕቶፑን ሲያቀብለኝ
ለክብደት የተሰናዳ እጄ
ባዶ ጣሳ እንዳነሳ ሽቅብ በረረ።
«ውስጡ አለ?» አልኩት።
እኛ ዘንድ «ቀላል» ስድብም ነው፤
ቀላል ሰው ለዋስ አይጠራም፣ ለሽምግልና አይላክም።

ኬሪያ ጋ ወስጄ ሚዛኗ ላይ ጣልኩት፤
ከኪሎ ሁለት ራስ ሽንኩርት ጎደለ።
«ለዚህ ነው ሰማንያ ሺህ?» አለች፣
«የእኔስ ቢያንስ ያስለቅሳል።»

ማታ፣ ከዚራ። ሙቀቱ ከግድግዳው ይተነፍሳል።
አሮጌው ማሽኔ እንደ ናፍጣ ባቡር ያጓራ ነበር፤
ይሄኛው ጭጭ።
ቁልፎቹ ጥልቀት የላቸውም፣
ጣቴ ሳይጠግብ ፊደሉ ይደርሳል።
ድንገት መብራት ሄደ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ፤
ሰፈሩ ሲጨልም የሱ ፊት ብቻ በራ፣
ላቤ ቁልፎቹ መሃል ጠብ አለ።

በዚያ ብርሃን ከአባቴ መዝገብ ሦስት ገጽ ገለበጥኩ፦
የምድር ባቡር ዕቃ ቤት፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ግሪስ፣
በቀይ እስክሪብቶ «ጎደለ»፣
ከደመወዙ የተቆረጠ አሥራ አንድ ብር።
መዝገቡን በሁለት እጁ ነበር የሚሸከመው፣
አገጩን አስደግፎ።

ጠዋት ተመልሼ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት።
ያው ነው። ሁለት ራስ።
ኬሪያ ዐይኔን አየችና ምንም አላለች፤
ሁለቱን ሽንኩርት ገዝቼ ሄድኩ።