ነጠላ ቁጥር

ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ከደረጃው ሥር፣
ወረቀት ተርጓሚ ነኝ፤ ባለማኅተም፣ መስመር የምቆጥር።
ሐምሌ ነው። የቸርችል ቁልቁለት ጎርፉን ወደ ለገሃር ይነዳል፤
የበሬ ላይ ሸራ ውሃ አቁሮ፣ እንደ እርጉዝ ሆድ ተወጥሯል።

አንዲት ሴት ገቡ።

«አንዲት» ብዬ «ገቡ» ስል ስህተት አይምሰላችሁ፤
አማርኛ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲያከብር ያበዛዋል።
ብቻውን በር ላይ የቆመ አሮጌ ሰው እንኳ
«መጡ» ሲባል ጓዙ ብዙ ነው፤ ዘመኑ ሁሉ አብሮት ይገባል።

ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጥለቱ አንገታቸው ሥር ውሏል።
ከፌስታል ውስጥ ፌስታል፣ ከዚያም ውስጥ ወረቀት ወጣ።
«ባለቤቴ ናቸው፤ ባንተይርጉ ይባላሉ።
ካሰብ ተነሥተው፣ በእንግሊዝ መርከብ
ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞተር ሲያክሙ ኖረዋል።
ዓሣ አይወዱም፤ ባሕር ላይ እየኖሩ!
ኩባንያው ማስረጃ አምጪ አለኝ። ጻፍልኝ፣ ልጄ።»

ይባላሉ። አይወዱም።
አርባቸው ወጥቷል፤ ግሳቸው ግን ገና ኃላፊ ጊዜ አልሆነም።

ጻፍኩ።
ያ ሁሉ «እሳቸው»፣ ያ ሁሉ «መጡ፣ ተቀመጡ፣ አሉ»
በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ «ሂ» ሆኖ ቀረ፤
አንዲት ፊደል፤ አጃቢ የላት፣ ጥላ የላት።
ሳነብላቸው ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙ፤
«ሂ፣ ሂ ትላለህ፤ ወዴት ነው የምትሸኛቸው?»

«የቤተሰብ ብዛት» ይላል ቅጹ። «ስንት ልበል?»
በጣታቸው ጀመሩ። አንድ ላይ ቆሙ።
ጣቷን መልሰው አጠፏት።

ከውሉ ግርጌ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል፣ አንድ ቃል ያዘኝ።
«እዚህ ጋ ቆምክ፤ ምን ይላል?»
«ሲንጉላር ይላል። በነጠላ የተጻፈ ሁሉ ብዙውንም ይጨምራል፤ የሕግ አነጋገር ነው።»
«ነጠላ?» የትከሻቸውን ጫፍ ያዙ። «ይኼ?»
«አይ፣ የቁጥር ነጠላ፤ አንድ፣ ብቻ፣ ያልተጣመረ።»
ሳቁ፤ ከገቡ ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቅ።
«እስቲ ና፣ እየው። ሁለት ወርድ ነው፤ መሃሉ ላይ ተሰፍቷል።
ስፌቱን ካላወቅክ አንድ ይመስልሃል።
አርባ አንድ ዓመት ነጠላ ነበርን፣ እኔና እሳቸው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበ።
መዝገበ ቃላቴን ሳብኩ፤ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር የታሰረውን።
ለፈተና የሸመደድኩት እዚያው አለ፦
ነጠላ፤ የብዙ ተቃራኒ።
ከሥሩ፣ ዐይኔ ሁልጊዜ የዘለለው ሁለተኛ ፍቺ፦
ብርቅ፤ አቻ የሌለው፤ መንገደኛ ቆም ብሎ የሚያየው።
ቃሉ ራሱ ሁለት ወርድ ኖሯል፤
እኔ ስፌቱን ሳላይ ስንት ዘመን ለበስኩት!

አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ ኩባንያው ያልጠየቀውን፣
ሂሳብ የማልይዝበትን፦
ሰውዬው ሲንጉላር ነበሩ።
(ነበሩ ያልኩት በሆዴ ነው፤ ወረቀቱ ነበረ ይላል።)
«ምን አልክ?»
«እንደሳቸው ያለ አንድም የለም አልኩ።»
«ዓሣ እንደማይወዱስ?»
እሱንም ጻፍኩ።

ማኅተሙን እፍ ብዬ መታሁ።
ሁለት ገጽ ነው፤ የአንዱን ሂሳብ ወሰድኩ።
ወረቀቱን በፌስታል፣ ፌስታሉን በፌስታል ከተው፣
የነጠላቸውን ጫፍ ከጭቃ ሰብስበው፣
እስካሁን «አንተ» ያሉኝ፣ «ልጄ» ያሉኝ ሴት
ደጃፉ ላይ ዞር አሉና
«እግዜር ይስጥልኝ፤ ደህና ይዋሉ» አሉኝ።

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ።
ግድግዳ፤ ያምና ካላንደር፤ ውሃው የሚንጠባጠብ ጃንጥላ።
ሌላ ሰው የለም።