ቀዩና ወረቀቱ

በጎቢ በረሃ፣ በከሰል መንገድ ላይ፣
ከፊቴ ያለው መኪና መብራቱ እንጂ ገላው አይታይ።
አቧራው እንደ ጉም አይደለም፤ ጉም ይነሣል ሲረፍድ፣
ይሄ ግን ይተኛል፣ ይነሣል፣ ይከተለኛል ስሄድ።

ሦስት ምልልስ ሳይሞላኝ መኪናዬ ጥቁር አጨሰ፤
ዳገቱ መሀል ሲደርስ የሞተሩ ትንፋሽ አነሰ።
ክዳኑን ፈትቼ ባይ፣ ፊልትሮው አፈር ጠግቧል፤
ባራግፈው፣ ብደበድበው፣ ግማሹ እዚያው ቀርቷል።

የባልዳንዶርጅ ሱቅ ኮንቴይነር ነው፣ በሩ ላይ ግመል ታስሯል፤
ውስጡ ጎማ ጎማ ይሸታል፣ ሬዲዮው ለብቻው ያወራል።
ሁለቱን ባንኮኒው ላይ አኖረ፣ ጎን ለጎን፣ በተራ፤
«ይሄ ቀዩ» አለ፣ «ጥጥ ነው፣ ዘይት የጠጣ፣ በሽቦ የተሠራ።
ታጥበዋለህ፣ ታደርቀዋለህ፣ መልሰህ ዘይት ትቀባዋለህ፤
ከመኪናው ዕድሜ ይበልጣል፣ ለልጅህ ታወርሰዋለህ።
ሞተርህ በሙሉ አፍንጫው ይተነፍስልሃል፤
ዳገት የምትለው ነገር ሜዳ ይመስልሃል።»

ሌላው የፋብሪካው ነው። ወረቀት።
እጥፍጥፍ፣ ደብዛዛ ቢጫ፣ ስለ ራሱ የሚለው የሌለበት።
ዋጋው ግን ያማል፤ ከቆሸሸ መጣል እንጂ ማጠብ የለም።
«ይሄስ?» አልኩት። «ይሄ ያው ነው» አለ፤ ሻጭ ስለ ያው ነገር አያወራም።

ዘይት ሲል አባቴ መጣብኝ።
የሩስያ መኪና ሲነዳ፣ ፊልትሮው የዘይት ገንዳ ነበር፤
አየሩ እዚያ ወርዶ ተነክሮ ነው ወደ ሞተሩ የሚሻገር።
ማታ ማታ ከገንዳው ጭቃ በማንኪያ ሲዝቅ አስታውሳለሁ፤
«ይሄ ሁሉ ሊገባ ነበር» ይላል፤ እኔም ጎንበስ ብዬ አያለሁ።

ቀዩን ወሰድኩ።
እውነት ለመናገር፣ ቀለሙንም ወደድኩ።

ሞተሩም ዘፈነ፤ ቱርቦው አፏጨ እንደ ጎረምሳ፤
ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ ወጣሁት፣ እግሬን ከነዳጁ ሳላነሣ።
ለጻግዳርሱረን በሬዲዮ ፎከርኩበት፤
«ምን አበላኸው?» አለኝ። «አየር» አልኩት።

ሚስቴ ኦዩንገረል የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ናት፤
በቀን ሃምሳ ኪሎ ዱቄት በእጇ የሚያልፍባት።
ቅዳሜ ክዳኑን ከፍቼ ስጎረጉር ደርሳ አየችው፤
ነጭ ጨርቅ ጣቷ ላይ ጠቅልላ
ከፊልትሮው ጀርባ፣ ቱቦው ውስጥ ሰደደችው።
ስታወጣው ግራጫ ነው።
በሁለት ጣቷ ፈተገችው፤
ቀስ ብላ ጥርሷ ላይ ሞከረችው።
«ወንፊትህ ሰፊ ነው» አለችኝ። «ቶሎ ወረደ ተብሎ ዱቄት
ንጹሕ ነው አይባልም፤ ጠጠሩንም ይዞ ነው የሚወርደው ከወንፊት።»

እኔም ክርክር አላጣሁም። ዘይቱን አሳንሼ ይሆናል፣
ጠርዙ አልገጠመ ይሆናል፣ ጎማው ሸሽቶ ይሆናል፤
በሌላ አገር፣ በአስፋልት፣ በዝናብ፣ ለእሱም ወግ ይደርሰዋል።
ሁሉም እውነት ነው። ጨርቁም እውነት ነው።
አሸዋ ክርክር አይሰማም፤ ፋሻውን ይበላል፣ ሲሊንደሩን ይልሳል፤
የምላሱ ድምፅ የሚሰማህ የጋራዡ ሂሳብ ሲመጣ ነው።

ወረቀቱን ገዛሁ፣ በሁለት ወር ክፍያ። ባልዳንዶርጅ ሳይስቅብኝ አልቀረም።
ሞተሩ ዘፈኑን ተወ፤ ዳገቱም ዳገት ሆነ፤
ሁለት ማርሽ ቀንሼ እወጣለሁ፣ አልቸኩልም።
በየሳምንቱ ጨርቅ እሰዳለሁ፤ ነጭ ገብቶ ነጭ ይወጣል።
ቀዩ ታጥቦ ቤት ገብቷል፤ ልጄ እርሳሶቹን ይሰካበታል።

ትናንት ሌሊት፣ ሞተሩን አስነሥቼ፣ ሳል ያዘኝ፤ መሪው ላይ ተደፋሁ።
አፌን በመሐረብ ጠርጌ በዳሽቦርዱ መብራት አየሁ።
ኦዩንገረል የመንገድ ወተቷን በጭልፋ ይዛ ቆማ
ልትረጭልኝ ነበር ከኋላ፣ ከመጨረሻው ጎማ።
ቀረበች። መሐረቡን በመስኮቱ ተቀበለችኝ።
በሁለት ጣቷ ፈተገችው።
ምንም አላለችም።
ጥርሷ ላይ ግን አልሞከረችው።